ሐሳብ ሲነጥፍብኝ የት እንደምሄድ

አዲስ የዲዛይን ሥራ ሲመጣ አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ፒንተረስት፣ ድሪብል ወይም ቢሃንስ የሚባሉትን የዲዛይን ምስሎች የሚታዩባቸውን ድረ ገጾች እንከፍታለን፣ ያማረ ስክሪን ባየን ቁጥር እናስቀምጣለን፣ ፎልደሩ ሲሞላ የሥራው መንፈስ ይመጣልናል ብለን እንጠብቃለን። እኔም እንዲህ ስሠራ ኖሬአለሁ። ዛሬም ሁለት ቀለማት ተዋደው ይኖሩ እንደሆነ ወይም አንድ ፎንት በትልቁ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ማየት ስፈልግ እነዚያኑ ገጾች እከፍታለሁ፤ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ናቸው።

ባዶ ሸራ ፊት ተቀምጬ አእምሮዬ አልታዘዝ ሲለኝ ግን ወደዚያ አልሄድም። እዚያ የሚታየው መልሱ ብቻ ነው፤ ጥያቄው የለም። ጥቁር ሰማያዊ መደብ፣ ጥጉ የዞረ ካርድ፣ ከሥሩ ትልቅ ቁልፍ አያለሁ። ቁልፉ ለምን እዚያ ተቀመጠ? የሚነካው ሰው ቆሞ ነው ተቀምጦ? ሌላው እጁ ምን ይዟል? ምን ምን ተጥሎ ነው ይህ ብቻ የተረፈው? የሚነግረኝ የለም። ያንን መልክ ወስጄ ወደ ራሴ ሥራ ባመጣው ልብሱን አመጣሁ እንጂ ለባሹን አላመጣሁም።

ስለዚህ የምሰበስበውን ነገር ቀየርኩ። አሁን የምሰበስበው ምክንያት ነው። ሠሪው ምን ቸገረው፣ ምን ከለከለው፣ ምኑን ትቶ ምኑን አስቀረ የሚለውን። ምክንያት ከወረቀት ወደ ስልክ፣ ከአውሮፕላን ወደ መጋዘን ይሻገራል፤ መልክ ከተሠራበት ቦታ ርቆ ብዙም አይጓዝም። ደጋግሜ የምመለስባቸውን ጥቂቶቹን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ላይ ያጠፋሁት ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። ሃሪ ቤክ የምህንድስና ንድፍ ሠራተኛ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መስመሮችን ሥዕል መሥራት ለምዷል። በ1931 በገዛ ፈቃዱ አንድ ካርታ ነደፈ። ቀደም ሲል የነበሩት ካርታዎች የባቡር መስመሮቹን በምድር ላይ እንደሚጠማዘዙት እያጠማዘዙ፣ ርቀቱን ጠብቀው ያሳዩ ነበር። መሐል ከተማው ላይ ጣቢያዎቹ እላይ በላይ ተደራርበው፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ቤክ መስመሮቹን ሁሉ አግድም፣ ቁም ወይም በ45 ዲግሪ የተጋደሙ አደረጋቸው። መሐሉን አሰፋ፣ ዳሩን ሰበሰበ። ከምድር ላይ ካለው ነገር ያስቀረው የቴምዝን ወንዝ ብቻ ነው። አሠሪዎቹ መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ በ1933 ለሙከራ ታትሞ ሲታደል ተሳፋሪው እየተሻማ ወሰደው።

ስለዚህ ካርታ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ንጹሕ መስመሩና ቀለሙ ነው። እኔን የሚይዘኝ ቤክ ርቀትን መካዱ ነው። ካርታ ሠሪ ርቀትን ከካደ ምን ይቀረዋል? ቤክ ግን ተሳፋሪውን አሰበ። ከመሬት በታች የተቀመጠ ሰው በመስኮቱ የሚያየው ጨለማ ነው። ኪሎ ሜትሩ አይጠቅመውም። የሚያስጨንቀው የት ወርዶ የትኛውን መስመር እንደሚይዝ ነው፤ ካርታውም ለዚያ ጭንቀት ብቻ ይመልሳል።

የዕቃ ማድረሻ አፕ ስንሠራ ይህ ነገር በቀጥታ ጠቀመኝ። አሠሪዎቻችን የፈለጉት መኪናው በካርታ ላይ ሲንቀሳቀስ የሚታይበት ስክሪን ነበር፤ ሌሎቹም ያላቸው እንዲያ ያለ ነው። እኔ ደንበኞች ሲደውሉ የሚጠይቁትን ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። «መኪናው አሁን በየትኛው መንገድ ላይ ነው?» ያለ ሰው አልገጠመኝም። «ከመጋዘን ወጥቷል?» ይላሉ። «ከእኔ በፊት ገና ስንት ሰው ጋ ይሄዳል?» ይላሉ። «ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው?» የጣቢያ ጥያቄ ነው ሁሉም። ካርታውን አውጥተን በቦታው አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርን፤ ዕቃው ያለፈባቸው ነጥቦች የተሞሉ፣ ገና የሚደርስባቸው ክፍት፣ ያለበት ደግሞ ጎላ ያለ። አሠሪዎቹን ለማሳመን የቤክን ካርታና ከእሱ በፊት የነበረውን ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየኋቸው። ብዙ ንግግር አላስፈለገም።

በዚያው አፕ ላይ ለመጋዘን ሠራተኞች የሚሆነውን ክፍል ስንጀምር የረዳኝ ደግሞ የጦር አውሮፕላን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቢ-17 የሚባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች መሬት ከነኩ በኋላ አብራሪው ሳያስበው ጎማቸውን እያጠፈባቸው በሆዳቸው ይንሸራተቱ ነበር። ነገሩን የመረመረው የሥነ ልቦና ባለሙያው አልፎንስ ቻፓኒስ ጥፋቱን አብራሪዎቹ ላይ አልጣለም። ወደ መቆጣጠሪያዎቹ ተመለከተ። የጎማው ማብሪያና ፍላፕ የሚባለውን፣ ለማረፍ ወደ ታች የሚዘረጋውን የክንፍ ክፍል የሚያንቀሳቅሰው ማብሪያ አጠገብ ላጠገብ ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ነው። በረራ ያደከመው ሰው ፍላፑን አነሳለሁ ብሎ ጎማውን ያነሳል። ቻፓኒስ በጎማው ማብሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ የላስቲክ ጎማ፣ በፍላፑ ላይ ደግሞ የሽብልቅ ቅርጽ እንዲደረግ አደረገ። ከዚያ በኋላ እጅ ያለ ዓይን እርዳታ ይለያቸዋል። ዛሬ በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የጎማ ማንሻም ጫፉ ጎማ ይመስላል።

የመጋዘኑ ስክሪን ላይ «ተረክቤአለሁ» እና «ተመላሽ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ ከእኛ በፊት ከነበረው ሥርዓት የተወረሱ። ወርዳቸው እኩል፣ ቁመታቸው እኩል፣ ልዩነታቸው ቀለም ብቻ። መጋዘኑ ውስጥ ቆሜ ሳይ የሠራተኛው ዓይን ካርቶኑ ላይ ነው። አንድ እጁ ዕቃውን ደግፏል፣ በሌላው ስልኩን ይዞ በአውራ ጣቱ ይነካል። ቀለሙን ማን ያየዋል? ስብሰባ ላይ የቀረበው መፍትሔ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሳጥን እንጨምር የሚል ነበር። ተቃወምኩ፤ አሁንም እቃወማለሁ። ያንኑ ሳጥን ቀኑን ሙሉ የሚያይ ሰው ሳያነብ «አዎ» ማለትን ይለምዳል፣ ሳጥኑም ሥራ ከማጓተት በቀር የሚያስጥለው ስህተት የለም። በምትኩ ልዩነቱን ከዓይን ወደ እጅ አዞርነው። መረከቢያው ከታች ሙሉውን ወርድ ያዘ፣ ነካ ሲደረግ ይሠራል። ተመላሹ ወደ ላይ ሄደ፣ ጠበበ፣ ተጭኖ መያዝን ይጠይቃል። አውራ ጣት ሁለቱን ማምታታት አይችልም፤ የሚደርስበት ቦታም የሚሠራው እንቅስቃሴም ለየቅል ነው።

ቀጥሎ ስልኩ መቼ መቼ ይርገብገብ የሚለው መጣ። አንዱ የቡድናችን አባል ለእያንዳንዱ ሁኔታ የተለያየ ዓይነት ርግብግቢት ሠርቶ አመጣ፤ በጣም ያማሩ ነበሩ። እኔ ግን ስለ ሴይኢቺ ሚያኬ አነሳሁ። ሚያኬ ጃፓናዊ ነው፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በእግር የሚዳሰሰውን የእግረኛ መንገድ ንጣፍ በ1965 የፈለሰፈ፤ ንጣፉም መጀመሪያ በ1967 በኦካያማ ከተማ፣ ማየት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አጠገብ ተነጠፈ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ይህ ንጣፍ በዋናነት ሁለት ነገር ነው የሚናገረው። ረዣዥም ሰረዝ ከሆነ መንገዱ ይቀጥላል፤ ጉብ ጉብ ያሉ ነጠብጣቦች ከሆኑ ቁም፣ ከፊትህ ያለውን አጣራ። በጫማ ውስጥ ያለ እግር፣ ከተማ እየተንጫጫ፣ ከዚህ በላይ ብዙ ቋንቋ መያዝ አይችልም። እኛም በሁለት ቆምን። አንድ አጭር ርግብታ «ቀጥል» ነው፤ ደርቦ ከመጣ «ስክሪኑን ተመልከት» ነው። የቀሩትን ውብ ርግብግቢቶች መጣሉ ከብዶን ነበር፤ ያለ ጥርጥር ትክክል ነበር።

ስለ ሥዕልና ስለ አይከን፣ ማለትም ስክሪን ላይ ስለሚነኩት ትንንሽ የሥዕል ምልክቶች ሲሆን ወደ ሱዛን ኬር እመለሳለሁ። በ1984 ለወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ (ማክ የሚባለው የአፕል ኮምፒውተር) አይከኖቹን የሠራችው እሷ ናት። የመጣችው ከሥነ ጥበብ ዓለም ነው። የተሰጣት ቦታ 32 በ32 ፒክስል (የስክሪኑ ምስል የሚሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች)፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ፤ ግራጫ እንኳ የለም። መጀመሪያ የሠራችውም ካሬ ካሬ ባለው ደብተር ላይ፣ ካሬዎቹን አንድ በአንድ እያጠቆረች ነው። በትንንሽ ቁርጥራጭ ሥዕል መሥራት ከኮምፒውተር በፊት ብዙ ዘመን የኖረ ሙያ ስለሆነ፣ ሞዛይክንና ጥልፍን ለሚያውቅ ሰው ፒክስል እንግዳ አልነበረም። በማክ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ያለው፣ በአራት ማዕዘኑ ቀለበት ቀለበት ያለው ካሬም ታሪኩ ደስ ይላል። ስቲቭ ጆብስ የአፕል አርማ በየሜኑው መደጋገሙን አልወደደውም፤ ሌላ ምልክት ይፈለግ ሲባል ኬር የምልክቶች መጽሐፍ ስታገላብጥ በስካንዲኔቪያ አገሮች የሚጎበኝ ስፍራ መኖሩን የሚያመለክተውን የመንገድ ምልክት አገኘች። የመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ የነበረ ነገር በሚሊዮኖች ጣት ሥር ገባ።

ከኬር የወረስኩት ልምምድ አለ። አንድ አይከን እምቢ ሲለኝ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ካሬ ባለው ወረቀት ላይ 16 በ16 ሜዳ አሰምርና በእርሳስ እሞላለሁ። በዚያ ጥበት ውስጥ የማይታወቅ ነገር ሐሳቡ ራሱ ያልጠራ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው ሁለት ነገር ባንድ አይከን ለመናገር እየሞከርኩ እንደነበር ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ወዲያው ይታያል።

ጥበት ምን ያህል እንደሚያዋልድ ማየት የሚፈልግ ሰው በ1985 የወጣውን የሱፐር ማሪዮ ጨዋታ ይክፈት። መላው ጨዋታ በ40 ኪሎባይት ውስጥ ነው ያለው። ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ የማያቸው ዲዛይኖች ውስጥ ሁሉ «ይህ ደመና ሌላ ቦታ ቁጥቋጦ መሆን ይችል ይሆን?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ጥቂት ክፍሎች ያሉት፣ እያንዳንዳቸው ብዙ ቦታ የሚያገለግሉበት ሥርዓት የመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። የጨዋታው መክፈቻ ደግሞ ከዚህም የላቀ ነው። ማሪዮ በስክሪኑ ግራ በኩል ወደ ቀኝ ዞሮ ይቆማል፤ ቀኙ ሰፊ ባዶ ነው። የትም ቦታ «ወደ ቀኝ ሂድ» ተብሎ አልተጻፈም። ትንሽ እንደሄደ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ሲያብለጨልጭ፣ ከፊቱም ጠላት ሲመጣ ያያል። ከዘለለ ይማራል፤ ካልዘለለ ሞቶ እንደገና ይጀምራል፣ የሚያጣውም የጥቂት ሰከንድ ጉዞ ነው። አሁን አዲስ ተጠቃሚን በሦስትና በአራት የማብራሪያ ገጽ የሚቀበል አፕ ሳይ አዝናለሁ። የመጀመሪያው ስክሪን ራሱ አስተማሪ መሆን ይችል ነበር።

የእንቅስቃሴው ነገር ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ ስክሪንሾት አይዘውም። አንድ ስክሪን እንዴት ይከፈታል፣ ጣት ሲለቅቀው በምን ፍጥነት ይቆማል፣ ዝርዝሩ ሲያልቅ ምን ያደርጋል፣ እነዚህ በጊዜ ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የወደድኩትን እንቅስቃሴ በቪዲዮ እቀዳና ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን ምስል አንድ በአንድ እያቆምኩ አየዋለሁ። ዓይን «ለስላሳ» ብሎ ያለፈው ነገር ሲዘረዘር ሌላ ነው። የሚንቀሳቀሰው ነገር ከፍሬም ወደ ፍሬም ያረፈባቸው ቦታዎች መጀመሪያ ላይ ተቀራርበው፣ መሐል ላይ ተራርቀው፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ይቀራረባሉ። የዲዝኒ አኒሜተሮች ይህንን በእርሳስና በወረቀት ዘመን አጥርተው አውቀውታል፤ ክብደት ያለው ነገር በቅጽበት አይነሳም፣ በቅጽበትም አይቆምም። በ1993 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ባይ-ዌይ ቻንግና ዴቪድ ኡንጋር፣ ያንኑ የካርቱን ጥበብ ወደ ኮምፒውተር በይነገጽ ማምጣት እንደሚቻል ጽፈው አሳዩ። ስለ እንቅስቃሴ መማር ለሚፈልግ ሰው የምመክረውም ይኸው ነው፤ የድሮ በእጅ የተሣለ ካርቱን አቁሞ አቁሞ ማየት።

በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ላይ ዝርዝሩ መጨረሻ ሲደርስ እንደ ላስቲክ ተስቦ ይመለስ ነበር። ዝርዝሩ እዚያ ሲደርስ ድርቅ ብሎ ቢቀር ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ተስቦ ሲመለስ ግን ሁለት መልእክት አለው፤ ንክኪህን ሰምቻለሁ፣ ከዚህ በላይ ግን የለም። ጽሑፍም አይከንም ሳይጨመር። ሎረን ብሪክተር ትዊቲ በሚባለው አፕ ላይ ያመጣው ወደ ታች ስቦ የማደስ ዘዴም ከዚሁ ወገን ነው። አዲስ ነገር ፈላጊ ሰው ዝርዝሩን እየሳበ ወደ ጫፉ ይመጣል፤ እጁ ቀድሞ ያንን ሥራ ጀምሯል። ብሪክተር የተጀመረውን እንቅስቃሴ ትንሽ አስረዘመው፣ የማደሻ ቁልፉም አላስፈለገም። አዲስ እንቅስቃሴ ልፈጥር ስል ይህን አስባለሁ። ሰውየው ሳይነገረው እጁ ወዴት እየሄደ ነበር?

የምይዘው ማስታወሻ ተራ ደብተር ነው። ያየሁትን ነገር ፎቶ ከማንሳት ይልቅ በእጄ እሥለዋለሁ፤ ሥዕሌ መጥፎ ነው፣ ግን ስሥል የግድ አያለሁ። ከጎኑ ለማን እንደተሠራና ምን እንደተተወ እጽፋለሁ። ምክንያቱን ካላወቅኩ ቦታውን ክፍት እተወዋለሁ። ከወራት በኋላ መልሱ ሌላ ነገር ሳነብ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን አሁን ማሽን በሰከንድ ውስጥ የፈለግነውን ያህል ስክሪን ይደረድርልናል፤ ያማሩም አሉባቸው። የሚያምር ስክሪን እንዲህ በበዛ ቁጥር የደብተሬ ዋጋ ለእኔ እየጨመረ ነው፤ አንዱን ከሌላው ለመምረጥ የምችለው የጥያቄውን ምንጭ ሳውቅ ነው።

ሰሞኑን የገጠመኝ የቁጥር ሰሌዳ ነው። ለዚያው ለመጋዘኑ ሠራተኞች የዕቃ ቁጥር በጣት የሚያስገቡበት ስክሪን ያስፈልጋል። ስልክ ላይ 1፣ 2፣ 3 ከላይ ነው፤ ካልኩሌተር ላይ ከላይ ያለው 7፣ 8፣ 9 ነው። የስልኩ አቀማመጥ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ቁጥሮቹን በክብ፣ በሁለት ረድፍ፣ በሌላም በብዙ ዓይነት ደርድረው ሰዎችን እያስደወሉ ፈትነዋል፤ ውጤቱ በ1960 ታተመ፣ ቁልፍ ያለው ስልክም በ1963 ለደንበኞች ቀረበ። የእኔ ሰዎች ግን ሁለቱንም ይነካሉ። በኪሳቸው ስልክ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚደምሩበት ካልኩሌተር። እጃቸው የትኛውን እንደለመደ ከቢሮ ሆኜ ልገምት አልፈልግም። ሁለቱንም ሠርቼ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ካርቶን ታቅፈው፣ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ቁጥር ሲያስገቡ አያለሁ።